ሊከር ስቶር በዲሲ፦ የኪራይ ውሉን ሳትፈርሙ ይህን አንብቡ

እናቴ ደብረ ብርሃን ጠላ ትሸጥ ነበር። የንግድ ፈቃዷ አጥሩ ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ነበር። ጣሳው ካለ ጠላ አለ። ጣሳው ከወረደ ወይ ጠላው አልቋል፣ ወይ ለቅሶ አለብን። ሌላ ወረቀት ስታሳይ አይቼ አላውቅም።

እኔ ልጇ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንዲት ሊከር ስቶር ለመክፈት አሥራ አራት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ውስጥ አምስቱን ወር ለባዶ ሱቅ ኪራይ ከፍያለሁ። በወር 4,200 ዶላር ነው፤ አስሉት።

ይህን የምጽፈው «እኔም አንድ ሱቅ ቢኖረኝ» ለሚሉ ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ሰው ባንኮኒዬን ተደግፎ ይጠይቀኛል። አብዛኛው የታክሲ ወይም የፓርኪንግ ሰው ነው። እኔም ከዚያው ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ጠበቃ ያዙ። እኔ የምነግራችሁ ጠበቃው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ብታውቁት ገንዘብ የሚያተርፍላችሁን ነው። ደንብ ይቀያየራልና የመጨረሻውን ቃል ከመሥሪያ ቤቱ ስሙ።

የት ነው የምትከፍቱት?

የእኛ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ይተኛል፣ ዲሲ ይሠራል፣ አሌክሳንድሪያ ሠርግ ይሄዳል። ሦስቱም ለእሱ አንድ ከተማ ናቸው። ለመጠጥ ሕግ ግን ሦስት አገር ናቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሜሪላንዱ ሞንትጎሜሪ ካውንቲ ውስጥ ውስኪና ቮድካ በጠርሙስ የሚሸጠው በመሠረቱ ካውንቲው ራሱ ነው። ከ1933 ጀምሮ እንዲሁ ነው። የግል ሱቅ ቢራና ወይን ይሸጣል፤ ለዚያም ዕቃውን የሚያከፋፍለው ካውንቲው ነው። አሌክሳንድሪያ ያለችበት ቨርጂኒያ ደግሞ ጠንካራ መጠጡን በስቴቱ ሱቆች ነው የምትሸጠው። ስለዚህ «ቤቴ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ሊከር ስቶር ልክፈት» የሚል ሰው ሲመጣ ቡና ጋብዤ እሸኘዋለሁ። ለግል ሰው በሩ ክፍት የሆነው ዲሲ ላይ ነው።

ዲሲ ውስጥ ጉዳዩን የያዘው መሥሪያ ቤት የአልኮል መጠጥና ካናቢስ አስተዳደር ይባላል፤ በምህጻር ኤቢሲኤ። እስከ 2023 ድረስ ስሙ «አብራ» ነበር። እኔ እስካሁን አብራ ነው የምለው፤ ባለቤቴ «አብሪ ሲሉሽ አጥፍተሽ መጣሽ ወይ?» እያለ ይቀልድብኛል። ከሠራተኞቹ በላይ ሰባት አባላት ያሉት ቦርድ አለ። ከንቲባው ይሾማቸዋል፣ የከተማው ምክር ቤት ያጸድቃቸዋል። ጉዳይ የሚሰሙት ረቡዕ ረቡዕ ነው። የእኔ ዓመት የተቆጠረው በረቡዕ ነው።

ክላስ ኤ ወይስ ክላስ ቢ?

ተወስዶ ቤት ለሚጠጣ መጠጥ ሁለት ዋና ላይሰንስ አለ። ክላስ ኤ ሁሉንም ያስሸጣል፦ ቢራ፣ ወይን፣ ጠንካራ መጠጥ። ሊከር ስቶር የምንለው እሱን ነው። ክላስ ቢ ቢራና ወይን ብቻ ነው፤ ለግሮሰሪና ለማዕዘን ሱቅ። ክላስ ሲ እና ዲ እዚያው ተቀምጦ ለሚጠጣበት ቤት ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

«ግሮሰሪ» ስል አዲስ አበባን አታስቡ። አዲስ አበባ ግሮሰሪ ገብተህ ቆመህ ድራፍት ትጠጣለህ። እዚህ ግሮሰሪ ውስጥ ቆመህ ብትከፍት ባለሱቁን ታስቀጣዋለህ። አንድ አዲስ የመጣ ዘመዴ ገዝቶ እዚያው ባንኮኒው ላይ ክዳኑን ሲፈነቅል ልቤ ልትወጣ ነበር።

ሕጉ ለክላስ ኤ 250፣ ለክላስ ቢ 300 ጣሪያ አስቀምጧል። ሙሉ ሱፐርማርኬት ካልሆነ በቀር ደግሞ አዲስ ክላስ ቢ አይሰጥም። ስለዚህ እኔ የማውቃቸው ሐበሾች ከሞላ ጎደል ሁሉም ላይሰንሱን የገዙት ከነበረ ሰው ነው። ወይ ሱቁን ከነላይሰንሱ ትገዛላችሁ፣ ወይ ሱቁ ተዘግቶ «ሴፍኪፒንግ» ውስጥ የተቀመጠ ላይሰንስ ትገዙና ወደ ሌላ ቦታ ታዛውራላችሁ። ሴፍኪፒንግ ማለት ባለቤቱ መሸጥ ሲያቆም ወረቀቱን ቦርዱ ጋ በአደራ ማስቀመጥ ነው።

እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። የሸጡልኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ዲሲ ሊከር ስቶሮች እሑድ እንዲሸጡ የፈቀደችው በ2013 ነው። እሳቸው ከዚያም በኋላ እስከ መጨረሻው እሑድ አልከፈቱም። «እግዜርም እኔም ያን ቀን እናርፋለን» አሉኝ።

የመጀመሪያውን መንገድ ለምትሄዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ጓደኛዬ የማዕዘን ሱቅ ገዛ፣ ክላስ ቢ። ሱቁ ሞቅ ያለ ነው፣ ደላላው ሒሳቡን አሳየው፣ ደስ አለው። ከገዛ በኋላ ከእሱ ሁለት ባለቤት በፊት የነበረው ሰውዬ ከሰፈሩ ጋር የተፈራረመው ስምምነት ወጣ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ መሸጥ ክልክል። ነጠላ ቢራ መሸጥ ክልክል። የቀድሞው ባለቤት ሳያከብረው ነው ሱቁ የሞቀው! ስምምነቱ ግን ከሰውዬው ጋር አይሄድም፤ ከላይሰንሱ ጋር ይቀራል። ጓደኛዬ ያየው ሒሳብ ሕግ የተጣሰበት ሒሳብ ነበር።

ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የላይሰንሱን ፋይል ከመሥሪያ ቤቱ ጠይቁ። ስምምነት አለው ወይ? ተቀጥቶ ያውቃል ወይ? ለምን? ሻጩስ የከተማው ዕዳ አለበት ወይ? ፋይሉን ለማየት የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ጓደኛዬ ያችን ትዕግሥት አጥቶ ስንት እንደከሰረ እስካሁን ለሚስቱ አልነገራትም፤ ስለዚህ እኔም እዚህ አልጽፈውም።

አራት መቶ ጫማ

ክላስ ኤ ሱቅ ከሌላ ክላስ ኤ ሱቅ በ400 ጫማ ውስጥ አይከፈትም። 122 ሜትር ገደማ ነው። ክላስ ቢም ከክላስ ቢ እንዲሁ። ከትምህርት ቤትና ከከተማው መዝናኛ ማዕከልም የ400 ጫማ ደንብ አለ፤ እሱ ግን ልዩ ሁኔታዎች ስላሉት ቦታችሁን ይዛችሁ ጠይቁ።

እኔ የመጀመሪያውን ቦታ ያጣሁት በዚህ ነው። ሰሜን ምሥራቅ ዲሲ፣ ቀድሞ የጫማ መሸጫ የነበረ፣ ሰፊ መስታወት ያለው ቤት። ሌላ ሊከር ስቶር አለ፤ ግን ዞሮ፣ በሌላ ጎዳና። አንድ እሑድ ከባለቤቴ ጋር የመሬት መለኪያ ጎማ ተውሰን በእግረኛ መንገዱ ለካን። 560 ጫማ። ደስ ብሎን ዱለት በላን። ለንድፍ ሠሪ 1,500 ዶላር ከፈልኩ።

ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ኮምፒዩተሯ ላይ የሁለቱን ቤት ይዞታ አወጣችና አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሳበች። በጓሮ፣ በቆሻሻ መኪና መግቢያው በኩል፣ ከወሰን እስከ ወሰን። 310 ጫማ። እኔ በእግሬ ለክቻለሁ፤ ሕጉ ጣሪያ ለጣሪያ ነው የሚሄደው።

ልጅቷ ጥፋት የለባትም፤ እንዲያውም አዘነችልኝ። ገንዘብ ሳታወጡ በፊት አድራሻውን ይዛችሁ ጠይቁ፣ አለችኝ። እኔም ይኸው ለእናንተ አልኩ።

የኪራይ ውል

ሁለተኛው ቦታ ርቀቱ ደህና ሆነ። ተጣድፌ ፈረምኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ውላችሁ ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር መኖር አለበት። አንደኛው፦ ላይሰንሱ ካልጸደቀ ውሉ ይፈርሳል፣ ማስያዣውም ይመለሳል። ሁለተኛው፦ ኪራይ መቆጠር የሚጀምረው ላይሰንሱ ከጸደቀበት ቀን ነው፤ ካልሆነም የመጀመሪያዎቹ ወራት በግማሽ ይሁኑ። አከራይ ሁለተኛውን ላይወድ ይችላል። አንደኛውን እንቢ ካለ ግን ቁልፉን መልሱለት።

የእኔ ውል ሁለቱም አልነበሩትም። ደላላው «እነዚህ ሰዎች ሁለት ወር አያቆዩሽም» አለኝ። አመንኩት። የአገሬ ልጅ ነዋ።

ቤቱ ቀድሞ ምን እንደነበረም እዩ። የእኔ ፀጉር ቤት ነበር። ላይሰንስ ለማግኘት ቤቱን ለዚህ ሥራ መጠቀም እንደሚቻል የሚያሳይ የመጠቀሚያ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። እሱን የሚሰጠው የሕንፃዎች መሥሪያ ቤት ነው። ጠቅላላ የንግድ ፈቃዱ ደግሞ ከፈቃድና ሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይወጣል። ሁለቱ እስከ 2022 መጨረሻ አካባቢ አንድ ስለነበሩ የቆየ ሰው ስትጠይቁ በድሮው ስም «ዲሲአርኤ ሂዱ» ይላችኋል። እኔም በዚህ ምክር አንድ ጠዋት አጥፍቻለሁ።

ወረቀቶቹ

ይህን ክፍል አላስረዝመውም። የድርጅቱ ምዝገባ፣ የግብር ምዝገባ፣ የኪራይ ውል፣ የፖሊስ ማስረጃ፣ የመጠቀሚያ ምስክር ወረቀት፣ ከከተማው ዕዳ ነፃ መሆን። የመጨረሻውን «ክሊን ሃንድስ» ይሉታል፣ ንጹሕ እጅ። ጲላጦስ ትዝ ይለኛል። ያልተከፈለ ግብር ወይም ቅጣት ካለ ከማመልከታችሁ በፊት ጨርሱ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ልቁም። ገንዘቡ ከየት መጣ ተባልኩ። ግማሹ የቁጠባ ነው፤ የባንክ ወረቀት አለው። ግማሹ የእቁብ ነው። እቁብን ለፈረንጅ ማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? «ሃያ ሰው በወር አንድ ሺህ ዶላር ያዋጣል፣ በዕጣ አንድ ሰው ይወስዳል» አልኩ። ሰውየው «ሎተሪ ነው?» አለ። አይደለም። «ብድር ነው?» አይደለም። «ወለዱስ?» የለም። ብዕሩን አስቀመጠ።

እንዲህ አደረግሁ። የእቁቡ ጸሐፊ የአባላቱን ዝርዝር፣ የተጣለበትን ወርና የእኔን ዕጣ በእንግሊዝኛ ጻፈልኝ። ኖታሪ ፊት ፈረመ። እኔ በየወሩ ያወጣሁትን ከባንክ ወረቀቴ ላይ በቢጫ ቀለም አሰመርኩ። አለፈ። እቁብ የምትጥሉ ሰዎች ካሁኑ በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር ጣሉ። በእጅ የተሰጠ ብር አፍ የለውም።

ሌላው አማርኛ ነው። ዲሲ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ። አማርኛ በሕጉ ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የከተማው መሥሪያ ቤት በነፃ አስተርጓሚ ያቀርብላችኋል፤ ውለታ አይደለም፣ መብት ነው። እንግሊዝኛዬ ለፓርኪንግ ይበቃ ነበር። «ሰላም፣ ሥርዓትና ጸጥታ» ለሚባለው የሕግ ቃል ግን አይበቃም። መጀመሪያ የአክስቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። ደግ ልጅ ነው። ችግሩ ደግነቱ ነው፤ ሰዎቹ «ይህ ከባድ ችግር ነው» ሲሉ እሱ «ትንሽ ነገር ይቀራል ይላሉ» ብሎ ይተረጉምልኛል። ከዚያ በኋላ የከተማውን አስተርጓሚ ጠየቅሁ።

ፕላካርዱና ሰፈሩ

አሁን ዋናው ቦታ ደረስን። ደላላውም፣ አከራዩም፣ እኔም ላይሰንሱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤቱ ነው ብለን ነበር። ፊርማው የእሱ ነው። ጉዳዩ የሚያልቀው ግን መንገዱ ላይ ነው።

ማመልከቻችሁ ሲሟላ ሱቃችሁ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ፕላካርድ ነው የሚሉት። ማን ምን ሊሸጥ እንዳመለከተ፣ ተቃውሞ እስከ መቼ እንደሚቀበሉ፣ መቼ ቦርዱ ፊት እንደምትቀርቡ ይናገራል። አርባ አምስት ቀን ይቆያል። እኔ ያየሁት እንደ እናቴ ጣሳ ነው፤ ልዩነቱ የእናቴ ጣሳ «ግቡ» ይላል፣ ይሄኛው «ትፈልጓታላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

መቃወም የሚችለው መንገደኛ ሁሉ አይደለም። ግድግዳ የሚያዋስናችሁ ባለንብረት ይችላል። አምስትና ከዚያ በላይ የሰፈሩ ነዋሪዎች አንድ ላይ ሆነው ይችላሉ። የሰፈር ማኅበር ይችላል። ከሁሉም በላይ ኤኤንሲ የሚባለው የሰፈሩ ኮሚሽን ይችላል። የተቃውሞው ምክንያት በሦስት ነገር ዙሪያ ነው የሚሽከረከረው፦ የሰፈሩ ሰላምና ጸጥታ፣ የመኪና ማቆሚያና የእግረኛ ደኅንነት፣ የቤቶች ዋጋ። «መጠጥ ሐራም ነው» ብሎ መቃወም አይሠራም። «ጓሮዬ ውስጥ ጠርሙስ ይጣላል» ይሠራል።

ኤኤንሲ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ነው። ቀበሌ ብላችሁ እንዳትተረጉሙት፤ ቀበሌ ያዛል፣ ይህ ይመክራል። ኮሚሽነሮቹ ደመወዝ የላቸውም። እያንዳንዳቸው ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ወክለው በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ። ሆኖም ቦርዱ ለምክራቸው «ትልቅ ክብደት» እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድደዋል። አንድ ጡረተኛ፣ አንዲት አስተማሪ፣ አንድ ብስክሌት የሚነዳ ወጣት። እነሱ እጅ ካወጡባችሁ መንገዳችሁ ረዘመ።

የእኔ ስህተት ፕላካርዱ እስኪለጠፍ መጠበቄ ነው። ሰፈሩ ስለ እኔ የሰማው ከመስታወት ላይ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ኤኤንሲው ስብሰባው ላይ ጠራኝ። ምሽት፣ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ የሚታጠፍ ወንበር። ሴት ልጄን ይዤ ሄድኩ፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ እንግሊዝኛዋ እንደ ወንዝ ነው። ሰላሳ የሚሆን ሰው አለ። ከኋላ «ሌላ ሊከር ስቶር አያስፈልገንም» የሚል ድምፅ መጣ። ወደ ኋላ አላየሁም።

ከዚያ አንዲት ትልቅ ሴት ተነሱ። ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፣ ሰባ ያለፋቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ ያደረጉ። በልቤ እትዬ አልኳቸው። የፕላስቲክ ከረጢት ይዘው ወደ ጠረጴዛው መጡና ገለበጡት። ትንንሽ የመጠጥ ጠርሙሶች። ሃፍ ፓይንት የሚባሉት፣ ኪስ ውስጥ የሚገቡት። አንድ በአንድ አቆሟቸው። አሥራ አንድ ናቸው። «ከአበባ መደቤ ውስጥ ነው የለቀምኳቸው» አሉ። «የአንድ ሳምንት ነው። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ካለው ሱቅ የመጣ ነው። የአንቺ ሲከፈት ስንት ይሆናል፣ የኔ ልጅ?»

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስለ ሥራ ዕድል፣ ስለ ግብር። ልጄ ወረቀቱን ልትሰጠኝ ስትል አጠፍኩት። «እነዚህን አልሸጥም» አልኩ። «የትኞቹን?» አሉ። ጠርሙሶቹን በእጄ ወደ አንድ ጎን ሰበሰብኳቸው። «እነዚህን። አንዷንም።»

አስቤበት አልነበረም። ሆኖም ቤቱ ዝም አለ። ወጣቱ ኮሚሽነር «እንደሱ ከሆነ ቁጭ ብለን እንጻፈው» አለ።

ስምምነቱን ስትጽፉ

የሚጻፈው ነገር «ሴትልመንት አግሪመንት» ይባላል። ቦርዱ ሲያጸድቀው የላይሰንሳችሁ አካል ይሆናል። ብትጥሱት ሕግ እንደጣሳችሁ ነው። ስለዚህ እንደ ጋብቻ ውል አንብቡት።

እኔ የሰጠሁት፦ ሃፍ ፓይንትና ከዚያ ያነሰ ጠርሙስ የለም። ነጠላ ቢራ የለም። ጠዋት ስከፍትና ማታ ስዘጋ ፊት ለፊቴን እጠርጋለሁ። ካሜራ ይኖራል። መስታወቱ በማስታወቂያ አይሸፈንም።

ነጠላ ቢራ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ነጠላ ቢራ ለሊከር ስቶር ጤፍ ናት፤ በየቀኑ የምትወጣው እሷ ናት። የከተማው ክፍሎች በሆኑት ዋርድ 4፣ 7 እና 8 ሕጉ ራሱ ለዓመታት ከልክሏታል፤ እዚያ የምትከፍቱ ከሆነ መጀመሪያ ሕጉን ጠይቁ። ስለዚህ ሱቅ ስትገዙ «ነጠላውን አውጥቼ ሒሳቡ ያዋጣኛል ወይ?» ብላችሁ አስሉ። ለእኔ አዋጣኝ፤ ወይን ጨመርኩ።

ያልሰጠሁት ደግሞ ሁለት ነው። በየቀኑ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ዝጊ አሉኝ። እንቢ አልኩ። በሥራ ቀን አራት ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ አምስት ሰዓት ተባባልን። ሌላው የባሰ ነበር። ረቂቁ «ባለሱቋ በአካባቢው ሰው ቆሞ እንዳይውል ታደርጋለች» ይላል። አካባቢው የት ነው? እስከ አውቶቡስ ፌርማታው? እስከ ቤተ ክርስቲያኑ? እኔ ፖሊስ ነኝ? ጠበቃዬ «ከሱቁ ወሰን ፊት ለፊት» ብሎ ቀየረው፤ የእኔም ግዴታ «እንዲሄዱ መጠየቅና ካልሄዱ መደወል» ሆነ። ለዚያች ለውጥ ብቻ ጠበቃው ያስከፈለኝ ገንዘብ ሐላል ነው።

ካልተስማማችሁ ጉዳዩ ወደ ቦርዱ ይሄዳል። መጀመሪያ ስማችሁ የሚጠራበት ቀን አለ፣ ከዚያ ሽምግልና፣ ከዚያ ሙሉ ችሎት። ሽምግልናውን ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጋቢ የለበሰ ሰው የለም እንጂ ያው ነው። በስም መጥሪያው ቀን ግን እንዳትቀሩ። ታክሲ ተበላሸ፣ ልጅ ታመመ አይሠራም፤ መቅረት ማመልከቻን በገዛ እጅ መቅደድ ነው።

እንደገና ልጀምር ብል መጀመሪያ የማደርገው ይህን ነው፦ ማመልከቻ ሳላስገባ የዚያን መንገድ ኮሚሽነር ስልክ እፈልጋለሁ። ከዚያ ግራና ቀኝ አሥር አሥር በር አንኳኳለሁ፣ አምባሻ ይዤ። የሚቃወመኝን ሰው ፊቱን አውቀዋለሁ፣ የሚያስቆጣውንም ቀድሜ እሰማለሁ። አምስቱ ወር ሁለት ይሆን ነበር።

ከተከፈተ በኋላ

ሱቁ ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ ወይ የሱቁ ባለቤት ወይ የማናጀር ላይሰንስ ያለው ሰው እዚያ መኖር አለበት። «ወንድሜ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቅልኝ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ላምጣ» የለም። እኔ ባለቤቴን ሥልጠና አስገብቼ ላይሰንስ አስወጣሁለት። አሁን ልጅ ማምጣቱ የእኔ ነው።

ዕድሜ 21 ነው። ልጅ እያለሁ እናቴ ለእንግዳ ቢራ ግዢ ብላ ትልከኝ ነበር፤ ባለሱቁም በዘንቢል አድርጎ ይሰጠኝ ነበር። አገር ቤትም አሁን ሕጉ 21 ሆኗል። እዚህ መሥሪያ ቤቱ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ይልክባችኋል፣ ሊፈትን። ጺም አያታልላችሁ። እኔ ፀጉሩ የሸበተውንም መታወቂያ እጠይቃለሁ፤ ሽማግሌዎቹ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

ላይሰንሱ፣ የዕድሜ ማስታወቂያውና ለእርጉዝ ሴቶች የሚሆነው ማስጠንቀቂያ በግልጽ ይለጠፉ። ተወስዶ የሚጠጣ መጠጥ የሽያጭ ግብሩ 10.25 በመቶ ነው፤ ቺፕሱና ለስላሳው ሌላ ስለሆነ ካሽ ሬጅስተሩን ገና ሲገዛ ለይታችሁ አስሞሉት።

ዕቃ ከፈቃድ ካለው አከፋፋይ ነው የሚገዛው። የአገር ቤት ቢራ ፈልጋችሁ ከተማው ውስጥ ያለ አከፋፋይ ከሌለው ከውጭ ለማስገባት ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ከአጎታችሁ ሻንጣ የወጣውን የደብረ ብርሃን አረቄ ግን ቤታችሁ ጠጡት። መደርደሪያ ላይ አይወጣም። አንድ ደንበኛ «ከኋላ የለም?» ይለኛል በየበዓሉ። ከኋላ ያለው መጥረጊያ ነው።

እድሳት

ላይሰንሱ በሦስት ዓመት ይታደሳል። ያኔ ፕላካርዱ ይመለሳል፣ ሰፈሩም እንደገና ይጠየቃል። ከእናንተ ጋር የተስማማው ኮሚሽነር በመሃል ምርጫ ተሸንፎ ይሆናል፤ ስለዚህ አዲሱን ከወዲሁ ተዋወቁት። እትዬ ባርኔጣቸውን አድርገው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ምንም አይገዙም። ፊት ለፊቴን አይተው፣ ጥግ ጥጉን አይተው፣ እጃቸውን አንስተው ያልፋሉ። አንድ ቅዳሜ መጥረጊያ ረስቼ ጠዋት አልጠረግሁም። ገብተው «ታመምሽ ወይ?» አሉኝ።

ለመርሳት የምፈራው አንድ ነገር ቀረ። የመጀመሪያው ፕላካርዴ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ዝናብ ባደረበት ሌሊት ወደቀ። የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ መጥቶ አጣው። አዲስ ተለጠፈ፣ የአርባ አምስቱም ቀን ቆጠራ እንደገና ከአንድ ጀመረ፤ አንድ ወር ኪራይ የሄደው በዚያ ነው። በወፍራም ቴፕ፣ ከመስታወቱ ውስጥ በኩል ለጥፉት። ጠዋት ጠዋት ስልካችሁን አውጡና ቀኑ የሚታይበት ፎቶ አንሱት።